ማገሩ ሳይቆም ምርጊት

ጭቃ ቤት ሲሠራ ቅደም ተከተሉን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ በሩና መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን ይለያል፤ ከዚያ ጭቃው ይመረጋል፤ ልስንና ቀለም የመጨረሻ ናቸው። ምርጊቱ አልቆ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ «ለካ በር አልተውንም» የሚል አናጢ ቢገኝ መንደሩ ዓመት ሙሉ ይስቅበታል። ድረ ገጽ ላይ ሲደረስ ግን የሚስቅ የለም። ሎጎው ይገባል፣ ቀለሙ ይመረጣል፣ የኃላፊው ፎቶ ከነመልእክቱ ይሰቀላል፣ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች ይደረደራሉ፣ ሪባን ይቆረጣል። በሩ የት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ጥፋቱን መሥሪያ ቤቶች ላይ ብቻ መከመር ቀላል ነው። ግን የሚጀምረው እነሱ ዘንድ አይደለም። የሚጀምረው ድረ ገጽ የሚሠራው ልጅ በተማረበት ክፍል ውስጥ ነው።

የበሩ ጉዳይ በሙያው ቋንቋ ኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ምን ምን መረጃ አለ? የትኛው ከየትኛው ጋር ይቀመጥ? ምን ተብሎ ይጠራ? ፈላጊው በየት ገብቶ፣ ስንት ቦታ ረግጦ ያገኘዋል? ዋየርፍሬም የሚሉት ደግሞ የዚህ መልስ ወረቀት ላይ ሲሰመር ነው፤ ቀለም የለው፣ ፎቶ የለው፣ ሣጥንና መስመር ብቻ። ማገሩ ማለት ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ሪቻርድ ሶል ዉርማን እ.ኤ.አ. በ1976 በአገሩ የአርክቴክቶች ጉባኤ ላይ «የመረጃ አርክቴክቸር» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ሲነሳ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር። ሙያው የኮምፒውተር ልጅ አይደለም ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የኮምፒውተር ትምህርት ጭራ ሆኖ ቀርቷል።

ጭራ ነው ሲባል ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ውስጥ የዌብ ዴቨሎፕመንትና ዳታቤዝ አስተዳደር የሚባለው ሙያ የድረ ገጽን የመረጃ አወቃቀር ስለማዘጋጀት የሚል የሥልጠና ክፍል አለው። ወረቀቱ ላይ አለ። ጥያቄው ወረቀቱ ወደ ክፍል ሲወርድ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ትርጓሜ ይሆናል። «ኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር ማለት…» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ደብተር ላይ ይገለበጣል፣ ጥቅሞቹ በተራ ቁጥር ይሸመደዳሉ፣ ፈተና ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ የቱ አይደለም?» ተብሎ ይጠየቃል። ተማሪው አንድ የማያውቀውን ሰው ፊቱ አስቀምጦ «እስቲ ይህን ፈልግ» ሳይል፣ ሰውየው መንገድ ሲጠፋበት በዓይኑ ሳያይ፣ ሲኦሲውን አልፎ ባለሙያ ተብሎ ይወጣል።

ሃላሌን እንውሰድ። ሃላሌ በወላይታ ዞን የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወስደው አቅጣጫ። ወላይታን ከዳውሮ በሚለየው በዚሁ ወንዝ ላይ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ተገንብቷል፤ 1870 ሜጋ ዋት። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ድረ ገጽ ዲዛይን ሊማር ሶዶ የሄደ አንድ ልጅ ይታሰብ። የማሰብ ችሎታው ከማንም አያንስም፤ ወላይትኛና አማርኛ ይናገራል፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛም ቀምሷል። ክፍሉ ውስጥ ግን ኮምፒውተር ለሦስት ለአራት ነው፤ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ስለዚህ መምህሩ ኮዱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክቶችን በእስክሪብቶ! ዋየርፍሬሙስ? እሱ «ፊግማ ሲጫን፣ ኢንተርኔት ሲመጣ» ተብሎ ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል።

የነገሩ መገለባበጥ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር የሚፈልገውን ትምህርት በወረቀት ይማራል፤ ወረቀት ብቻ የሚፈልገውን ትምህርት ኮምፒውተር እስኪመጣ ይጠብቃል።

ለዋየርፍሬም መብራት አያስፈልግም። እርሳስ፣ ላጲስና አሮጌ ካርቶን ይበቃል። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የዲዛይን ቡድኖች ውድ መሣሪያ ሞልቷቸው እንኳ የመጀመሪያውን ንድፍ በእጅ የሚሞነጫጭሩት ወረቀት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በእርሳስ የተሠራን ነገር ሰው ለመተቸት ስለማይፈራ ነው። ቀለም የተቀባና ያማረ ገጽ ለአንድ ገበሬ ቢያሳዩት «በጣም ጥሩ ነው» ይላል፤ ይሉኝታ አለበት። ሣጥንና መስመር ቢያሳዩት ግን «ይኼ ምንድን ነው? እዚህ ጋ ያለውስ?» ይላል። ይሉኝታ በሚበዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ማገሩ ባለመኖሩ የሚጎዳው ማን ነው? እዚሁ ሃላሌ ላይ ያለ ነዋሪ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎቹን በስድስት ከተሞች አከፋፍሏል፦ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካና ካራት። የፖለቲካ ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ለድረ ገጽ ዲዛይነር ግን ውሳኔው አንድ ነገር ይጥልበታል። ነዋሪው ጉዳዩ በወረዳ ያልቃል ወይስ ዞን ይደርሳል፣ ክልል ከሆነ ደግሞ የቱ ከተማ ነው የሚለውን ከቤቱ ሳይወጣ ማወቅ አለበት። ሳውላና ዲላ ከሃላሌ ሲታዩ አንድ አቅጣጫ አይደሉም። በዚህ ክልል ውስጥ «አድራሻ» የሚለው ገጽ ከግርጌ የሚቀመጥ ማስጌጫ ሳይሆን ዋናው ገጽ መሆን ነበረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፍቶ የአንድ ሰው የሁለት ቀን ሥራና የመኪና ሒሳብ ይጠፋል።

አሁን ደግሞ ወደ ስያሜ። አንዲት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ልታስገባ የልደት ካርድ ፈለገች እንበል። የምትለው «ልደት ካርድ» ነው። ሜኑው ላይ የሚጠብቃት ግን «ወሳኝ ኩነት» ነው። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ምዝገባ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን አንድ ላይ የሚጠራበት ስም ነው። ለሕግ አርቃቂው ትክክለኛ ቃል ነው፤ ስህተት የለበትም። ለእናትየው ግን ኩነት ማለት ምን እንደሆነ የነገራት የለም። መረጃው አለ፣ ገጹ አለ፣ ምናልባትም በደንብ ተጽፏል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ጥሩ የተማረ ዲዛይነር የሕጉን ቃል አይሰርዝም፤ በሩ ላይ «ልደት ካርድ ለማውጣት» ብሎ ጽፎ ውስጥ ሲገባ «ወሳኝ ኩነት» የሚለውን ያስተዋውቃታል። ይህን ለማድረግ አንድ መስመር ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። እናቶችን ማነጋገር ግን ያስፈልጋል።

ስያሜና ምደባ ተራ የቢሮ ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ወላይታ ላይ ይህን ባይናገር ይሻለዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ጨፍልቆ «ወጋጎዳ» የሚል አንድ የመማሪያ ቋንቋ የተበጀው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አራቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸው ሐቅ ነው። ማን ምንን ከምን ጋር እንደሚመድብ፣ የራሱን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራ ግን ተናጋሪው አልተጠየቀም። በ1992 ዓ.ም ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በዓመቱ ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ። ድረ ገጽና የመማሪያ መጽሐፍ አንድ አይደሉም፤ በሜኑ ስህተት ደም አይፈስም። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ከላይ የተሰጠ ምደባና ስም። የኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር መምህራን ካርድ ሶርቲንግ የሚሉት ልምምድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አገልግሎቶቹን በትናንሽ ወረቀቶች ላይ ትጽፋለህ፣ ለተጠቃሚው ትሰጣለህ፣ ራሱ ይመድባል፣ ለምድቡም ራሱ ስም ያወጣል። ዲዛይነሩ ዝም ብሎ ያያል። ይህን ልምምድ ለማስተማር ከሶዶ የተሻለ ታሪክ ያለው ከተማ በአገሪቱ ብዙ የለም፤ ተማሪው ግን ካርድ ሶርቲንግን የሚያውቀው፣ ካወቀው፣ የውጭ አገር ሱፐርማርኬት ዕቃዎች በተሞላበት የእንግሊዝኛ ምሳሌ ነው።

ምሳሌ ለማግኘት ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ገበያ መሄድ ይበቃል። የኢትዮጵያ ገበያ «ተራ» የሚባል የምደባ ሥርዓት ካበጀ ስንት ዘመኑ ነው! እህል ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ ዶሮ ተራ። መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራና ጭድ ተራ አሉ፤ የተረፈው፣ ምድብ ያጣው፣ ያረጀው ዕቃ ደግሞ ምናለሽ ተራ ይገባል። ድረ ገጾች ላይ «ሌሎች» የሚል ሜኑ ሲታይ ምናለሽ ተራ ነው ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ልዩነቱ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል። መናኸሪያም እንዲሁ ነው። ወያላው የሚጮኸው የመኪናውን ማኅበር ስም፣ የሊቀ መንበሩን ስም ወይም የማኅበሩን ራዕይ አይደለም። የመድረሻውን ስም ነው። ተሳፋሪው የሚፈልገው እሱን ስለሆነ። የመንግሥት ድረ ገጽ በወያላው ቦታ ቢቆም «የትራንስፖርት ስምሪት ዳይሬክቶሬት! የትራንስፖርት ስምሪት ዳይሬክቶሬት!» እያለ ይጮህ ነበር፤ መኪናውም ባዶውን ይሄዳል።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ መልስ ከ50 ዓመት በፊት ተሰጥቷል። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥርዓት የራሱን የውስጥ ግንኙነት መዋቅር መምሰሉ እንደማይቀር አስረዳ። የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ሜኑ የመዋቅሩ ቅጂ ነው፤ ከላይ ኃላፊው፣ ከሥሩ ዘርፎች፣ ከሥራቸው ዳይሬክቶሬቶች። ለሠራተኛው ይመቻል፤ ማን የማን አለቃ እንደሆነ ይታያል። ግን መዋቅር እዚህ አገር ምን ያህል ዕድሜ አለው? በ2014 ዓ.ም የፌዴራል ሚኒስቴሮች ሲደራጁ ቴክኒክና ሙያ ሥራና ክህሎት ከሚባል አዲስ ሚኒስቴር ሥር ገባ። ደቡብ ይባል የነበረው ትልቅ ክልል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አራት ክልሎች ተለወጠ። በእያንዳንዱ ለውጥ መዋቅሩን ተከትሎ የተሠራ ድረ ገጽ ሁሉ ይፈርሳል፣ ወይም የሌለ መሥሪያ ቤት ስም ይዞ ይቀራል። የሃላሌዋ እናት የልደት ካርድ ፍላጎት ግን በክልሉ መከፈል አልተለወጠም። በፍላጎት የተደራጀ ገጽ መዋቅር ሲቀያየር ይቆማል። ይህ የውበት ክርክር አይደለም፤ የበጀት ክርክር ነው።

እንግሊዞች ይህን ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የጀመሩት የመንግሥታቸው አንድ ወጥ ድረ ገጽ የመጀመሪያ መርሑ ከተጠቃሚው ፍላጎት መነሣት ነበር፤ ሲታይ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ጽሑፍ ነው፣ ፎቶ የለውም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ሌላ መልእክት ያለው ነገር ሆኗል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን መስኮቶች አንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። ይህ በሕንፃ የተገለጠ ኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር ነው። ዜጋው በተቋማት መካከል እንዳይመላለስ መደረግ አለበት የሚለውን መንግሥት ራሱ አምኗል ማለት ነው። በሕንፃ የታመነው በክፍል ውስጥ የማይሰጥበት ምክንያት አይታይም።

እርግጥ ነው፣ ምደባ ለሊቅም ከባድ ነው። በ1948 ዓ.ም የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አቻ የሌለው ሥራ ነው፤ የፊደሉ ተራ ግን በለመደው ሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው። ሊቁ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ያም ሆኖ መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠ ሰው «ሀ»ን ከፊት ፈልጎ «አ»ን ያገኛል። ለሊቃውንት የተዘጋጀ ተራና ለአዲስ ፈላጊ የተዘጋጀ ተራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ፣ ከዚህም የተከበረ ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም። የዲዛይን መምህር ይህን መጽሐፍ ክፍል ይዞ ቢገባ ተማሪው በአንድ ሰዓት የሚገባው ነገር ከሃምሳ ስላይድ ይበልጣል።

ሌላው መምህር ደግሞ ደሞዝ አይጠይቅም። በየፍርድ ቤቱና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ባለጉዳዩ መጥቶ ችግሩን እንደ መጣለት፣ ከመሐል ጀምሮ፣ እያዘነ ያወራለታል። ጸሐፊው ያዳምጥና «ይኼ የመሬት ነው፤ አምስተኛ ቢሮ፤ ግን መጀመሪያ ከቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግሃል» ይለዋል። ከሰው ቋንቋ ወደ መንግሥት ቋንቋ ይተረጉማል፣ ይመድባል፣ ቅደም ተከተል ይሰጣል፣ መንገድ ያሳያል። ኢንፎርሜሽን አርክቴክት ማለት እሱ ነው። ድረ ገጽ ከመሥራቱ በፊት አንድ ሳምንት ከራፖር ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጦ የሚመጣውን ጥያቄ የመዘገበ ተማሪ በሳምንቱ መጨረሻ የድረ ገጹ ሜኑ በእጁ ይኖራል።

የዚህ ወንድም ግን ሌላ አለ፤ ደላላው። ራፖር ጸሐፊው የሚሸጠው ጽሕፈት ነው፤ ደላላው የሚሸጠው የመንገዱን ካርታ ነው። «የቱ መስኮት፣ የቱ ወረቀት፣ ማን ዘንድ» የሚለው መረጃ ለሁሉም በነፃ ግልጽ በሆነበት ቦታ ደላላ ይራባል። በተደበቀበት፣ በተዝረከረከበትና ስሙ በማይገባበት ቦታ ግን ይፋፋል። ሁሉም ዝርክርክነት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ዝርክርክነቱ ሲቀጥል የሚጠቀም ሰው የለም ማለት ግን ውሸት ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የዲዛይን ተማሪዎች የግል ጉዳይ ብቻ ያልሆነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ መከራከሪያዎች አሉ። አንደኛው «አሁን እኮ ሁሉም መረጃ በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው፤ ድረ ገጽ ማን ያያል?» የሚል ነው። እውነት አለው። ይህን የሚያነቡ የቻናል ተከታታዮች ግን አንድ ነገር ይሞክሩ፤ ከሦስት ወር በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የለጠፈውን የማስታወቂያ ጽሑፍ አሁን ያግኙት። ቻናል ወንዝ ነው፤ ያለፈው ውሃ ያለፈ ነው። ዜና ለማድረስ ግሩም ነው። ዓመት ሙሉ መቀመጥ ያለበት መረጃ፣ ማለትም ምን ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ቢሮው የት ነው የሚለው፣ መደርደሪያ ይፈልጋል። መደርደሪያ ደግሞ የሚሠራው ሰው ይፈልጋል።

ሁለተኛው «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በአንድ ደቂቃ ድረ ገጽ ይሠራል፤ ይህን ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ነው። ይህ ክርክር በትክክል የሚያረጋግጠው ተቃራኒውን ነው። ማሽኑ በአንድ ደቂቃ የሚሠራው ምርጊቱን ነው። ቀለሙን፣ ኮዱን፣ ያማረውን ገጽ። ኪንዶ ዲዳዬ ላይ ሰዎች የልደት ካርድን ምን ብለው እንደሚጠሩ፣ የቱን ወረቀት መጀመሪያ እንደሚጠየቁ፣ ወላይትኛ በላቲን ፊደል የሚያነብ ወጣትና አማርኛ ብቻ የሚያነብ ባለሱቅ አንድ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ አያውቅም። ኮድ መገልበጥ የተማረው ልጅ ሥራውን ለማሽኑ ያስረክባል፤ ማገር ማቆም የተማረው ልጅ ማሽኑን ያሠራዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የሚታየው በዚህ ዓይን ነው። ፕሮግራሚንግ አለው፣ አንድሮይድ አለው፣ ዳታ ሳይንስ አለው፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለው። በጎ ጅምር ነው፤ ከሃላሌ ሳይወጣ በስልኩ የተማረበት ወጣት ቢኖር እሰየው። ግን በጥያቄ የሚጀምር፣ ሰው በማዳመጥ የሚጀምር አንድ ትምህርት በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩ ይገርማል። አምስት ሚሊዮን መራጊ፣ ማገር የሚያቆመው ማን ነው?

ሦስተኛው መከራከሪያ የመምህራኑ ነው፤ እሱ መሰማት አለበት። «ሥርዓተ ትምህርቱ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ምዘናው ከላይ ነው የሚመጣው፣ ሰዓቱ አይበቃም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ተማሪው የሚመዘነው ኮዱ መሥራቱና አለመሥራቱ ታይቶ ከሆነ መምህሩ ካርድ ሶርቲንግ ላይ ሁለት ሳምንት ቢያጠፋ ተማሪውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ክርክሩ መምህሩ ላይ ሳይሆን ምዘናው ላይ መሆን አለበት። ምዘናው ከተለወጠ ክፍሉ በራሱ ጊዜ ይከተላል። ፈተና ያልመጣበትን ነገር የሚያጠና ተማሪ በየትም አገር ብርቅ ነው።

ምዘናው እንዴት ይለወጥ? ውድ ነገር አይጠይቅም። ዴንማርካዊው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው እንዲህ ያለ ፍተሻ በአምስት ሰው ቢሞከር አብዛኛው ችግር እንደሚገለጥ አሳይቷል። አምስት ሰው በሶዶ መናኸሪያ በአምስት ደቂቃ ይገኛል። አንዱ ተማሪ፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዱ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ማንበብ የማይችል ከተገኘ ደግሞ ትምህርቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ በድምፅ ነው፣ በሥዕል ነው፣ ወይስ በቀበሌው ጸሐፊ በኩል ነው ገጹ የሚደርሰው? ይህ ጥያቄ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

የሥራ ሰጪዎቹም ነገር አለ። የድረ ገጽ ጨረታ ሲወጣ የሚጠየቀው «ዘመናዊ፣ ማራኪና ፈጣን» ነው። ማራኪ ለማን? ኮሚቴው ተሰብስቦ የሚያየው የመጀመሪያውን ገጽ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ የልደት ካርድ አይፈልግም። ተጫራቹ የሚከፈለው ለምርጊቱ መሆኑን ካወቀ ማገሩ ላይ ጊዜ አያጠፋም፤ ሞኝ ካልሆነ በቀር። በውሉ ላይ የመጀመሪያው ክፍያ የሚለቀቀው በወረቀት የተሠራው ንድፍ በባለጉዳዮች ተሞክሮ ውጤቱ ከቀረበ በኋላ ነው የሚል አንድ አንቀጽ ቢገባ፣ ዛሬ ሥራ አጥቶ የተቀመጠው የዲዛይን ተመራቂ ነገ ይፈለጋል።

አዲሱ የሲኦሲ የተግባር ጥያቄ ለምሳሌ እንዲህ ሊነበብ ይችላል። «ለአንድ ወረዳ አስተዳደር የሚሆን የድረ ገጽ አወቃቀርና ሦስት ዋየርፍሬም በእርሳስ ሥራ። ከግቢው ውጣና አምስት ሰው ፈልግ። ለእያንዳንዱ ‹የልጅህን የልደት ካርድ ማውጣት ትፈልጋለህ፤ የቱን ትነካለህ?› ብለህ ጠይቅ። አትምራው፣ አታግዘው። ጣቱ መጀመሪያ ያረፈበትንና የተናገረውን ቃል እንዳለ መዝግብ። ንድፉን አስተካክለህ ለሌሎች አምስት ሰዎች ድገም። ሁለቱንም ወረቀቶች አንድ ላይ አስረክብ።» ኮምፒውተር አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋም ፈተናው አይቋረጥም።